የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ የላክስፊልድ ገንዳና የመንደሩ ልጅ

ጊዜው ጁላይ 1644 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ የምትገኝ ላክስፊልድ የተባለች የገጠር መንደር ነች። ንጉሡና ፓርላማው ጦር ከተማዘዙ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የፓርላማው ወገን በያዘው አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ እየተፈተሹ ነው። አሁን ተራው የላክስፊልድ ሆነ።

ከፍተሻው የተረፈው ማስታወሻ አጭር ነው፤ ቃናውም የንብረት ቆጠራ ይመስላል። በግንቡ ጫፍ ሁለት የድንጋይ መላእክት። አንድ መስቀል በቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላ መስቀል በደጁ ላይ። ለሙታን ነፍስ ጸሎት የሚለምኑ በናስ የተቀረጹ ብዙ ጽሑፎች። በመስታወት ላይ የተሳለ የክርስቶስ ሥዕል። ንስርና ክንፍ ያለው አንበሳ፣ ማለትም የወንጌላውያኑ የዮሐንስና የማርቆስ ምልክቶች። ከፍ ብሎ የተሠራው የመቅደሱ ደረጃ። ሁሉም በ20 ቀን ውስጥ እንዲጠፋ፣ ደረጃውም እንዲስተካከል ታዘዘ።

የማስታወሻው ባለቤት ዊልያም ዳውሲንግ ይባላል። በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ እንደ እሱ በስሙ የታወቀ ምስል ሰባሪ የለም። የተወለደውም በ1596 እዚችው ላክስፊልድ ነው።

ነገር ግን ከዝርዝሩ የጎደለ አንድ ዕቃ አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በሁለት ከፍ ያሉ እርከኖች ላይ፣ ማንም ገብቶ ሳያየው ሊያልፍ የማይችል ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ የጥምቀት ገንዳ ቆሟል። ዙሪያውን የተቀረጹት ምስሎች የዳውሲንግ ወገኖች አጥብቀው የሚጠሉትን ትምህርት የሚያስተምሩ ናቸው። ሆኖም ማስታወሻው ስለ ገንዳው አንድም ቃል አይናገርም። በዚያን ዘመን በላክስፊልድ የተወለደ ልጅ ሁሉ ክርስትና የሚነሳው በዚህ ገንዳ ነበር።

ገንዳው ዛሬም በቦታው አለ።

◾️ ሰባት ምስል፣ አንድ ትምህርት

የላክስፊልድ ገንዳ ብቸኛ አይደለም። በሰፎክና በጎረቤቱ በኖርፎክ አውራጃ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ወደ 40 የሚጠጉ ገንዳዎች ተርፈዋል። ከሁለቱ አውራጃዎች ውጭ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው።

ስምንት ጎን አላቸው። በሰባቱ ጎኖች ላይ ሰባቱ የቤተ ክርስቲያን ምስጢራት ተቀርጸዋል። ለአማርኛ አንባቢ ዝርዝሩ ባዕድ አይደለም፤ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ክህነት፣ ተክሊልና ቀንዲል እያለች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሰባት ትቆጥራለች። በስምንተኛው ጎን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የጌታ ጥምቀት ወይም ስቅለቱ ነው።

የቅርጾቹ ማራኪነት ከመንደር ሕይወት መቀዳታቸው ነው። በጥምቀቱ ጎን ቄሱ ራቁቱን የሆነ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ ገንዳ ውስጥ ሊነክረው ነው፤ ክርስትና አባትና እናት ከጎኑ ቆመዋል። በቁርባኑ ጎን ቄሱ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ኅብስቱን ከፍ ያደርጋል። በንስሐው ጎን ተነሳሒው ተንበርክኮ ይናዘዛል፤ በአንዳንዶቹ ገንዳዎች ላይ ሰይጣን ሲባረር ይታያል። በተክሊሉ ጎን ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። በቀንዲሉ ጎን በሽተኛው አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ቄሱ ዘይት ሊቀባው ጎንበስ ብሏል፤ ቤተሰቡ በአልጋው ዙሪያ ቆሟል።

ማንበብ የማይችል ገበሬ በገንዳው ዙሪያ አንድ ጊዜ ቢዞር ሕይወቱን ከመወለድ እስከ መሞት ያየዋል። በየደረጃው የቄስ እጅ አለ። የእነዚህ ምስሎች ትምህርት ይኸው ነው፤ የኋላ ኋላም ጠብ ያመጣው ይኸው ነው።

ለአንድ የገጠር አጥቢያ ገንዳ ማስቀረጽ ቀላል ወጪ አልነበረም። አካባቢው ለቅርጽ የሚመች ድንጋይ የለውም። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሚገነባው ከማሳ በሚለቀም ባልጩት ሲሆን የገንዳው ድንጋይ ግን ከሌላ አውራጃ መምጣት ነበረበት። በኖርፎክ የምትገኘው የኢስት ዴርሃም ሒሳብ መዝገብ ተርፏል፤ በ1468 ለገንዳዋ የወጣው 12 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ9 ፔኒ ነው። በዘመኑ የአንድ ጥሩ ግንበኛ የቀን ዋጋ 6 ፔኒ ገደማ ነበር። በዚህ ስሌት ገንዳው የአንድ ባለሙያ የ500 ቀን ደሞዝ በልቷል። ገንዘቡ የመጣው በሱፍና በጨርቅ ንግድ ከበለጸጉ ቤተሰቦች፣ ከኑዛዜ ስጦታና ከምእመናን መዋጮ ነው።

◾️ ለምን እዚያ? ለምን ያኔ?

ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ላይ የፈሰሰው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከገንዳዎቹ በፊት የተካሄደ አንድ የፍርድ ሂደት ማየት ያስፈልጋል።

ከ1428 እስከ 1431 የኖርዊች ጳጳስ ዊልያም አልንዊክ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን በመናፍቅነት ከሰሰ። ተከሳሾቹ ሎላርዶች ይባላሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ ያነብቡ የነበሩ፣ ከጆን ዊክሊፍ ትምህርት የተነሱ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሹማምንትም ሊቃውንትም አልነበሩም፤ ጫማ ሰፊ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ልብስ ሰፊ፣ የቤት እመቤት ነበሩ። መምህራቸው የነበረው ቄስ ዊልያም ዋይት በ1428 ኖርዊች ላይ በእሳት ተቃጠለ።

ከተከሳሾቹ አንዷ በኖርፎክ የሎደን መንደር ነዋሪ የነበረችው ሃዊስ ሞን ናት። ቤቷ የሎላርዶቹ መማሪያ ነበር። በ1430 እምነቷን ስትክድ የተመዘገበው ቃል ምን ታስተምር እንደነበር ይናገራል፤ ካህን በገንዳ ውኃ የሚፈጽመው ጥምቀት ከቁም ነገር የማይቆጠር ከንቱ ነገር ነው፤ ኑዛዜ ለእግዚአብሔር ብቻ እንጂ ለቄስ መደረግ የለበትም፤ ሁለት ሰዎች ከተፈቃቀዱ ጋብቻቸው ያለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይጸናል። ሰባቱን ምስጢራት አንድ በአንድ ታፈርሳቸዋለች።

ከዚህ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ሰባቱ ምስጢራት በየመንደሩ ገንዳ ላይ አንድ በአንድ በድንጋይ ይቀረጹ ጀመር። የታሪክ ተመራማሪዋ አን ኤልየንሆልም ኒኮልስ ስለ እነዚህ ገንዳዎች በጻፉት ትልቅ ጥናት ሁለቱን ነገሮች አያይዘዋቸዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ ገንዳው ለክርክር የተሰጠ መልስ ነው። ሃዊስ ሞን «ከንቱ ነው» ላለችው ነገር አጥቢያው 500 የሥራ ቀን ከፍሎ «ከንቱ አይደለም» አለ። በራሷ መንደር በሎደን በ1487 ገደማ ያማረ የሰባቱ ምስጢራት ገንዳ ተተከለ።

ስለዚህ ገንዳው ገና ከመነሻው የአንድ ወገን ድምፅ ነበር። ቅርስ የሆነው በኋላ ነው፤ ሲሠራ ግን የአሸናፊ ቃል ነበር። ይህን መርሳት የኋላውን ታሪክ «በጥሩዎችና በክፉዎች» መካከል የተደረገ ቀላል ግጭት ያስመስለዋል።

የአሸናፊ ቃል ግን ዕድሜው አጭር ነው። በዎልሶከን፣ ኖርፎክ፣ በሚገኘው ገንዳ ላይ የተቀረጸው ዓመት 1544 ነው። ያሠሩት ባልና ሚስት ከአንድ ቄስ ጋር ስማቸውን በድንጋዩ ላይ አጽፈዋል፤ ገንዳውን ያየ ሁሉ ነፍሳቸውን እንዲያስብ ፈልገው ነው። ሦስት ዓመት አልፎ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሞተ፤ የልጁ የኤድዋርድ 6ኛ መንግሥት ምስሎችን ከአብያተ ክርስቲያናት ማስወገድ ጀመረ፤ ለሙታን መጸለይም ስሕተት ነው ተባለ። የዎልሶከን ባልና ሚስት ገንዘባቸውን ያወጡበት ልመና ቀለሙ ሳይደርቅ ከሕግ ውጭ ሆነ።

◾️ ጭስ የወጣባት ቤት

ቀጥሎ የመጣው የእንግሊዝ ግማሽ ክፍለ ዘመን እንደ ሽክርክሪት ነው። ኤድዋርድ በ1553 ሲሞት ዙፋኑ ለካቶሊኳ እኅቱ ለማርያም ተላለፈ። ትናንት የተከለከለው ዛሬ ግዴታ ሆነ፤ ትናንት ግዴታ የነበረው ዛሬ ሞት አመጣ። በማርያም ዘመነ መንግሥት ወደ 280 የሚጠጉ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጠሉ።

ከእነርሱ አንዱ የላክስፊልዱ ጫማ ሰፊ ጆን ኖይስ ነው። የኖርዊች ጳጳስ ፊት ቀርቦ የተጠየቀው ጥያቄ በገንዳው ላይ ከተቀረጹት ምስሎች ስለ አንዱ ነበር፤ ቄሱ ከፍ የሚያደርገው ኅብስት የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ መሆኑን ታምናለህ? ኖይስ አላምንም አለ። በሴፕቴምበር 1557 እንዲቃጠል ወደ ገዛ መንደሩ ተመለሰ። ቅጣቱ በተወለደበት እንዲፈጸም የተደረገው ጎረቤት አይቶ እንዲማር ነው።

የሆነውን የመዘገበው ጆን ፎክስ ነው። ፎክስ የሰማዕታቱ ወገን ስለሆነ ገለልተኛ ጸሐፊ አይደለም፤ ይህ የላክስፊልድ ታሪክ ግን ከመጽሐፉ ውስጥ ከማይረሱት አንዱ ነው። ሹማምንቱ እንጨቱን ካዘጋጁ በኋላ እሳት አጡ። የመንገዱ ነዋሪዎች በየቤታቸው ምድጃቸውን አጥፍተው ነበር። በዚያን ዘመን እሳት የሚገኘው ከጎረቤት ፍም ተጭሮ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ፍም አልሰጥም አለ። ጩኸት የለም፤ ዱላ የለም፤ ሰይፍ የለም፤ ምድጃው ብቻ ቀዝቅዟል።

በመጨረሻ ከአንዲት ቤት ጭስ ማውጫ ጭስ ሲወጣ ታየ። ሹማምንቱ በሩን ሰብረው ገቡና ፍም ይዘው ወጡ። ኖይስ ተቃጠለ። ከተመልካቾቹ አንድ አገልጋይ የሰውየው ክንድ ጅማት ሲኮማተር አይቶ በሐዘኔታ ቃል ስላወጣ ተይዞ በእግር ግንድ ታሰረ፤ በገበያም ተገረፈ።

የላክስፊልድ ሰዎች ሁሉ ፕሮቴስታንት ስለነበሩ አይደለም ምድጃቸውን ያጠፉት። ጫማቸውን የሚሰፋላቸው ጎረቤታቸው ስለሆነ ነው። ያቺ ጭስ የወጣባት ቤትም የግድ የጠላት ቤት ላትሆን ትችላለች፤ ምናልባት ፍሙን መዳፈን ረስተው ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቀን ግን መዘንጋትም ጉዳት አለው።

ከ39 ዓመት በኋላ በዚያው መንደር ዊልያም ዳውሲንግ ተወለደ። የአያቶቹ ትውልድ ያንን ቀን በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው።

◾️ ደብዳቤ የያዘው ሰው

ዳውሲንግ ወንበዴ አልነበረም። መሬት ያለው የተከበረ ገበሬ፣ መጻሕፍት የሚገዛና በኅዳጋቸው ላይ ማስታወሻ እየጻፈ የሚያነብ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ለፓርላማው ወገን የምሥራቅ አውራጃዎች ጦር የሥነ ሥርዓት አስከባሪ ሹም ሆኖ አገለገለ። በማርች 1643 ለአንድ ሰባኪ ደብዳቤ ጽፎ በአብያተ ክርስቲያናት የቀሩት ምስሎች ለምን አይወገዱም ብሎ ጠየቀ። በኦገስት 1643 ፓርላማው የጣዖትና የከንቱ አምልኮ መታሰቢያ ያላቸው ነገሮች ሁሉ እንዲጠፉ አዋጅ አወጣ። በዲሴምበር የጦሩ አዛዥ የማንችስተሩ ኧርል ለዳውሲንግ የሹመት ደብዳቤ ሰጠው።

ከዚያ እስከ 1644 መኸር ድረስ እሱና ረዳቶቹ በኬምብሪጅሺርና በሰፎክ ከ250 በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ፈተሹ። የሚያስፈራው ቁጣው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ቀን ይጽፋል፤ ቁጥር ይጽፋል፤ የጊዜ ገደብ ይሰጣል። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍተሻ 6 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ያስከፍላል፤ ይህም የአንድ የቀን ሠራተኛ የሳምንት ገቢ ያህል ነው። ከፋዩ ራሱ የሚፈርስበት አጥቢያ ነው። ደብሩ መስታወቱ ለተሰበረበት አገልግሎት ይከፍላል።

ሥራውን ለመሥራት ሁልጊዜ ዳውሲንግ መምጣት አላስፈለገውም። የሎደን ሒሳብ መዝገብ በ1642፣ ከአዋጁም ከሹመቱም በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉትን ምስሎች ላበላሸ አንድ መስታወት ሠራተኛ 6 ሺሊንግ መከፈሉን ያሳያል። ትናንት መስታወቱን ይጠግን የነበረ እጅ ዛሬ ሰብሮ ተከፈለው። የሎደን ገንዳ ዛሬም ቆሟል፤ ሰባቱም ምስሎች ግን ተፈቅፍቀው ጥላቸው ብቻ ቀርቷል። ሃዊስ ሞን ከ200 ዓመት በኋላ ያሸነፈች ይመስላል።

በላክስፊልድ ማስታወሻ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች። የመቅደሱን ደረጃ የማስተካከሉ ሥራ የተሰጠው «የዚያው መንደር ሰው ለሆነው ዊልያም ዳውሲንግ» እንደሆነ ትገልጻለች። አዛዡም ስሙ ዊልያም ዳውሲንግ፣ ታዛዡም ዊልያም ዳውሲንግ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

ሕዝብ ስለ ቅርስ ጥፋት ሲያወራ አጥፊውን ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ ባዕድ አድርጎ ማሰብ ይወዳል። ይህ ያጽናናል፤ ጥፋቱን ከቤት ያርቃል። የላክስፊልድ መዝገብ ግን ይህን ማጽናኛ ይነፍጋል። አጥፊው የደብሩን ጓዳ የሚያውቅ፣ አያቱ በደጁ የተቀበረ፣ ለአገሩ በጎ እያደረገ እንደሆነ በቅንነት የሚያምን የመንደር ልጅ ሊሆን ይችላል።

◾️ ቁልፍ የጠፋባት ከተራ

ሁሉም አጥቢያ ግን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በዚያው በሰፎክ ኡፎርድ በምትባል መንደር ገንዳው ላይ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የእንጨት ክዳን አለ። የገንዳ ክዳን ልማድ ከጥንት የመጣ ነው፤ የተባረከው ውኃ ተሰርቆ ለጥንቆላ እንዳይውል የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ በ1236 ገንዳዎች ክዳንና ቁልፍ ይኑራቸው ብሎ ደንግጎ ነበር። የኡፎርዱ ግን ከክዳንነት አልፎ ግንብ ሆኗል፤ በጫፉ ላይ ደረቷን በመንቆሯ ወግታ ጫጩቶቿን በደሟ የምትመግብ ፔሊካን ተቀርጻለች፤ ይህችም የክርስቶስ ምሳሌ ናት።

ዳውሲንግ ኡፎርድን በጃንዋሪ 1644 ፈትሾ ብዙ ምስል አፈረሰ፤ ቀሪውን ደብሩ ራሱ እንዲያፈርስ አዝዞ ሄደ። በኦገስት መጨረሻ ትእዛዙ መፈጸሙን ለማየት ሲመለሱ ያልተፈጸመ ብዙ ነገር አገኙ። ከዚያ በፊት ግን በሩ ተቆልፎ ጠበቃቸው። የደብሩ ተመራጮች ቁልፉን ከለከሉ፤ ሰዎቹ ከሁለት ሰዓት በላይ ደጅ ላይ ቆሙ። ማስታወሻው እንቢ ያሉትን በስም እየጠራ ያማርራል።

አስገራሚው ነገር ክዳኑን ሲያይ የጻፈው ነው። እንደ ጳጳስ ዘውድ የተነባበረ፣ በወርቅ የተለበጠ ግርማ ያለው ክዳን መሆኑን ይመዘግባል። ቃሉ የወቀሳ ነው፤ ዓይኑ ግን የተደነቀ ሰው ዓይን ይመስላል። ክዳኑ ሳይፈርስ ቀረ፤ ዛሬም አለ።

በኡፎርድ የጠፋው ቁልፍና በላክስፊልድ የጠፋው ፍም ወንድማማች ናቸው። አንዱ ለካቶሊክ ንግሥት እሳት ነፈገ፤ ሌላው ለፕሮቴስታንት ፓርላማ በር ነፈገ። ሃይማኖታቸው ተቃራኒ ነው፤ ድርጊታቸው ግን አንድ ነው። ባዶ እጁን የሆነ ሕዝብ ጉልበተኛን የሚቋቋመው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በመዘግየት፣ ባለመስጠት፣ «ቁልፉ የለም» በማለት።

◾️ ገንዳው እንዴት ተረፈ?

የላክስፊልድን ገንዳ ያተረፈው አንድ ጀግና አይደለም። ያተረፉት ሦስት ተራ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው አገልግሎቱ ነው። ፕሮቴስታንቶቹ ከሰባቱ ምስጢራት አምስቱን ቢሰርዙም ጥምቀትና የጌታ እራት ቀርተዋል። ሕፃን መጠመቅ አለበት፤ ስለዚህ ገንዳ ያስፈልጋል። ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ በ1561 ባወጣችው ትእዛዝ ገንዳ ከቆየበት ቦታ እንዳይነሳ ተደነገገ። የ1604 የቤተ ክርስቲያን ሕግም እያንዳንዱ ደብር የድንጋይ ገንዳ እንዲኖረው አዘዘ። ሕጉ ምስሉን ይጠላል፤ ምስሉን የተሸከመውን ድንጋይ ግን ይፈልገዋል። በ1644 የወጣው ሁለተኛው አዋጅም ስለ ገንዳ ሲናገር ምእመናን ጣታቸውን ነክረው የሚያማትቡበትን የጸበል ማስቀመጫ እንጂ የጥምቀቱን ገንዳ አልጠቀሰም።

ሁለተኛው ልስን ነው። በብዙ አጥቢያዎች ከድንጋዩ ወጣ ያሉት ፊቶችና እጆች ተቀጥቅጠው፣ ጎድጓዳው በኖራ ተሞልቶ፣ ገንዳው ልሙጥ ድንጋይ እንዲመስል ተደርጓል። ይህ ለገዢው መታዘዝ ነው፤ ግን ደግሞ መደበቅ ነው። በሰፎክ ዌስትሆል በሚገኘው ገንዳ ላይ የመካከለኛው ዘመን ቀለም እስከ ዛሬ ይታያል። እነዚህ ገንዳዎች ዛሬ እንደሚታዩት ገርጥተው የተሠሩ አልነበሩም፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በወርቅ የደመቁ ነበሩ። በልስን ሥር የቆዩትን ቅርጾች መልሶ የገለጣቸው በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት ነው። ልስኑን የለሰነው ሰው ሊያጠፋ ይሁን ሊያድን ልቡን የሚያውቀው አምላኩ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ግን በሁለቱም መንገድ ተጠብቋል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በ1645 ፓርላማው የጸሎቱን መጽሐፍ ከልክሎ በምትኩ ባወጣው መመሪያ ጥምቀት በጥንቱ የገንዳ ቦታ እንዳይፈጸም አደረገ። በብዙ ቦታ ሕፃናት በተራ ሳህን ውኃ መጠመቅ ጀመሩ። ገንዳው ያኔ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር፤ ሥራ የፈታ ድንጋይ ደግሞ ለመፍረስ ቅርብ ነው። ግን 15 ዓመት ብቻ አለፈ። በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ የጸሎቱ መጽሐፍም ተመለሰ፤ ገንዳውም ወደ ሥራው ገባ። ሦስት ትውልድ ሙሉ «ለዘለዓለም» ተብለው የወጡ አዋጆች ከአንድ ገንዳ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸሩ የአንድ ክረምት ዝናብ ሆኑ።

ዳውሲንግ ከንጉሡ መመለስ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሮ በ1668 ሞተ። የሥራ ማስታወሻው የሰፎክ ክፍል ግን በእጅ ተገልብጦ ቆይቶ በ1786 ታተመ። አስቂኙ የታሪክ ዕጣ ይህ ነው፤ ዛሬ የታሪክ ሰዎች በየመንደሩ ምን ዓይነት ምስል እንደነበረ ለማወቅ መጀመሪያ ከሚገልጧቸው መዛግብት አንዱ የአጥፊው ዝርዝር ነው። ሊያስረሳ የጻፈው መታሰቢያ ሆነ።

◾️ በአንድ መንደር ሁለት ድንጋይ

ላክስፊልድን ዛሬ የሚጎበኝ ሰው ሁለት ድንጋዮችን ማየት ይችላል። አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ገንዳ ነው፤ ምስሎቹ ከጉዳት አላመለጡም፤ ሆኖም ምን እንደሆኑ ይለያሉ። ሁለተኛው በ1808 በተሠራው የባፕቲስቶች ጸሎት ቤት ያለው የጆን ኖይስ መታሰቢያ ነው። ባፕቲስቶች የሕፃናትን ጥምቀት ጨርሶ አይቀበሉም፤ ለእነርሱ ገንዳው ራሱ ስሕተት ነው። የገንዳው ወገኖች ያቃጠሉትን ሰው ስም የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

ሁለቱ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ተሳስቷል። መንደሪቱ ግን ሁለቱንም ይዛ ትኖራለች። ከሁለቱ አንዱን ማፍረስ ክርክሩን አይፈታውም፤ ክርክሩ መኖሩን ብቻ ይሸፍናል። ገንዳው ባይኖር ኖይስ በምን ምክንያት እንደሞተ ማስረዳት ይከብድ ነበር። የኖይስ ድንጋይ ባይኖር ገንዳው ያማረ ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ስለ እነዚያ ምስሎች የፈሰሰው ደም አይታወስም ነበር።

ቅርስን መጠበቅ ማለት ከቅርሱ ትምህርት ጋር መስማማት ማለት አይደለም። አብዛኛው የላክስፊልድ ነዋሪ ለ400 ዓመት በሰባቱ ምስጢራት አላመነም። ልጆቹን ግን በዚያ ገንዳ አስጠመቀ። በምስሉ የማያምነው ሰው ምስሉን ጠበቀው፤ አያቱ የተጠመቀበት ስለሆነ፣ ውኃ ስለሚይዝ፣ አፍርሶ ሌላ ማሠራት ወጪ ስለሆነ። ምክንያቱ ትልቅ ላይሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ከአዋጆቹ ሁሉ በልጦ ቆይቷል።

በ1557 እሳት ፈልገው የመጡት ሰዎችም ደብዳቤ ነበራቸው። በ1644 መዶሻ ይዘው የመጡትም ደብዳቤ ነበራቸው። በሁለቱም ጊዜ ሕጉ ከጎናቸው ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ ለእውነት እንደቆሙ ያምኑ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ደግሞ ጥያቄው መጨረሻ ላይ የወደቀው በተራው ሰው እጅ ነው። ፍሙ ያለው እሱ ቤት ነው፤ ቁልፉም ያለው እሱ ኪስ ነው።